ከዚያስ?

ኮምቦልቻ ያደግኩበት ቤት አንድ መስኮት ብቻ ነበረው። መስታወት የለውም። ሁለት የጣውላ መዝጊያ ነው፣ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ከውስጥ በመወርወሪያ የሚዘጋ። ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባቲ መንገድ ነው። ባቲን አልፎ፣ ቆላውን ወርዶ፣ ሚሌን አልፎ አሰብ የሚገባው መንገድ ማለት ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ ቀጥታ እዚያ መስኮት ላይ ነበርኩ። ክርኔን አስደግፌ፣ ጉንጬን በመዳፌ ይዤ። እናቴ እንዲህ ሆኜ ስታየኝ ደሟ ይፈላል።

"እጅሽን ከጉንጭሽ አንሺ! ማንን ልትቀብሪ ነው?"

ጉንጭ ተደግፎ መቀመጥ እኛ ዘንድ የሐዘን ነው። መርዶ ይጠራል ይባላል። እጄን አነሳለሁ። ከመስኮቱ ግን አልነሳም።

"እማ፣ ይሄ መንገድ የት ነው የሚሄደው?"

"ባቲ።"

"ከዚያስ?"

"ሚሌ።"

"ከዚያስ?"

"አሰብ ነዋ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ባሕር ነው። ነይ ይልቅ ሽንኩርቱን ላጪ።"

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደጠየቅኳት አላስታውስም። መልሱን እያወቅኩ ነበር የምጠይቀው። እሷ ስትጠራቸው የቦታዎቹ ስም ይጥመኝ ነበር። በተለይ "ሚሌ" ስትል ድምጿ ትንሽ ዝቅ ይላል። ለምን እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ኮምቦልቻ ያኔ የሹፌር ከተማ ነበረች። ከአሰብ ጭነው የሚመጡ ፊያቶች ከነተሳቢያቸው ማታ ማታ መንገዱን ዳርና ዳር ይዘው ይቆማሉ። ከአሰብ ኮምቦልቻ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው በረሃ ነው። መኪኖቹ ሲደርሱ መልካቸው ይጠፋል፣ ቀዩም አረንጓዴውም አመድ መስሎ ነው የሚመጣው። ረዳቶቹ ዘለው ይወርዱና ጎማውን አንድ በአንድ በዱላ ይመታሉ። ድም፣ ድም፣ ድም። አየር የጎደለው ጎማ ድምፁ ይለያል። እኔም ከመስኮቱ ሆኜ መለየት ቻልኩ።

ጠዋት ወደ ደሴ የሚቀጥሉት ሐረጎን መውጣት አለባቸው። ኮምቦልቻና ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁ ነው። በዚያች ርቀት ውስጥ ግን መንገዱ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። የጫነ መኪና ሐረጎን ሲወጣ የሞተሩ ድምፅ ማቃሰት ነው። ማታ ደግሞ ከደሴ የሚወርዱት መብራታቸው ጋራው ላይ ይጠመዘዛል። ይታያል፣ ይጠፋል፣ ወደታች ዝቅ ብሎ መልሶ ይታያል። እቆጥራቸው ነበር። ሃያ ሳይሞላ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አንድ ቀን ጨው የጫነ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ሸራው በደንብ አልታሰረም። የስፖንዳው ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ ገብቷል። ማንም እንዳላየኝ ካረጋገጥኩ በኋላ ጣቴን አስነክቼ ላስኩት። ጨው ነው። መጀመሪያ ጨው፣ ከዚያ አቧራ፣ ከዚያ ናፍጣ። ጨው በየቀኑ እበላለሁ። ያኛው ግን ሌላ ነበር። ውኃው ከነበረበት ቦታ ገና ትናንት የመጣ ነው። ባሕር ቀመስኩ ብዬ ለወንድሜ ነገርኩት። አላመነኝም።

እናቴ ያለብኝን ነገር በአንድ ቃል ትጠራው ነበር። "የዚህች ልጅ ልብ ሸፍቷል" ትላለች ለጎረቤት። ይህን አባባል እወደዋለሁ። ሰው ሲሸፍት ጫካ ይገባል። ልብ ሲሸፍት ግን ሰውየው እዚያው ነው፣ ቡና ያቀርባል፣ ቤት ይጠርጋል፣ ሲጠሩት አቤት ይላል። የሸፈተው ልቡ ብቻ ነው። ያኔ የክፍላችን ወንዶች ከፍ ሲሉ ልባቸውን ተከትለው ይሄዱ ነበር። ሁለቱ ረዳት ሆነው አንድ ሌሊት ጠፉና በሳምንታቸው ከአሰብ ቴምር ይዘው ተመለሱ። ወላጆቻቸው ገረፏቸው፣ ግን ቴምሩን በሉ። ሴት ልጅ ጋቢና ውስጥ ገብታ እንዲህ ልትሄድ አትችልም። ለእኔ የቀረኝ መስኮቱ ነው።

ስለዚያ መስኮት ግን ገና ዋናውን አልተናገርኩም።

ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ይሞቃል። እናቴ ሙቀቱን ለመከላከል መስኮቱንም በሩንም ዘግታ ጋደም ትላለች፣ እኛንም ታስተኛለች። ከሁለቱ ጣውላዎች አንደኛው ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። አንድ ቀን እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ከፊት ለፊቴ ያለውን ግድግዳ አያለሁ። ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሰው ነው። በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ የሚሄድ ሰው። ከኋላው አህያ አለች፣ እሷም እግሯ ወደ ላይ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ከግድግዳው ጥግ እስከ ጥግ፣ አንድ ሙሉ መኪና ከነተሳቢው ጎማውን ወደ ጣራ አድርጎ አለፈ። ቀለሙ ሳይቀር ይታያል። ሰማዩ ደግሞ ከታች፣ ከመደቡ አጠገብ፣ ሰማያዊ ሆኖ ተነጥፏል።

ጮህኩ። እናቴ በተኛችበት "በስመ አብ!" አለች። ወንድሜ ተነስቶ አየ፣ እሱም ዝም አለ።

ምክንያቱን ዛሬ አውቀዋለሁ፣ ልጆችም አስተምረዋለሁ። ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከመኪናው አናት የተነሳው ብርሃን በጠባቧ ቀዳዳ ሲገባ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከጎማው የተነሳው ወደ ላይ ይወጣል። ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት ኢብን አል ሀይሰም የሚባል የዓረብ ሊቅ ይህንኑ ነገር በጨለማ ክፍል ውስጥ መርምሮታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከቤታችን ጀርባ ስለምትሆን መንገዱ ወለል ብሎ ይበራል፣ ቤቱ ደግሞ ጨለማ ነው። ሁሉም ነገር ገጥሞ ነበር። ያኔ ግን ይህን ማን ነግሮን። መንገዱ ራሱ ሊያየን የገባ ነበር የመሰለን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የከሰዓት እንቅልፍ ቀረ። መደቡ ላይ በጀርባችን ተኝተን ጭንቅላታችንን ወደ ወለሉ አንጠልጥለን እናያለን። እንደዚያ ሲሆን ሰዉም መኪናውም ይቃናል። ደም ወደ ጭንቅላታችን ወርዶ ጆሯችን እስኪጮህ ድረስ እንቆያለን።

ግድግዳችን ደግሞ እንደ ብዙ ሰው ቤት ጋዜጣ የተለጠፈበት ነበር። በደርግ ጊዜ የወጡ "አዲስ ዘመን"ኦች ናቸው፣ አባቴ በዱቄት ሙጫ የለጠፋቸው። ሞስኮ፣ ሃቫና፣ ሶፊያ፣ በርሊን የሚሉትን ስሞች ያነበብኩት ከመማሪያ መጽሐፍ በፊት ከግድግዳ ነው። አንደኛው ገጽ ተገልብጦ ተለጥፏል። አባቴ ቸኩሎ ይሁን መብራት ጠፍቶበት እንጃ። ያንን ገጽ ማንበብ የሚቻለው ጭንቅላትን አንጠልጥሎ ብቻ ነው። ስለ ቡልጋሪያ ትራክተር ነበር። የአሰብ መኪኖች በቡልጋሪያ ላይ ሲነዱ ስንት ከሰዓት በኋላ አሳለፍኩ!

አንድ ነገር ገርሞኝ ያውቃል። ክረምት ሲመጣ ነፋስና ዝናብ በዚያች ቀዳዳ ይገባል። አባቴ በሰም ሊደፍናት ሁለት ሦስት ጊዜ ተነሳ። ያስቆመችው እናቴ ናት። "ተዋት፣ ጭስ ታስወጣለች" አለችው። ከሽምብራ ቀዳዳ ምን ጭስ ይወጣል? ያቺ መስኮት ላይ አትቀመጪ እያለች የምትቆጣኝ ሴት!

እናቴ እህት ነበረቻት። ታናሿ ናት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ጎረቤት ጋር አሰብ ሄዳ እዚያው ቀረች። አሰብ ያኔ ሥራ ነበር። ወደቡ አለ፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ አለ፣ ከወሎ የሄደ ሰው እዚያ ሞልቷል። አክስቴ ለወደብ ሠራተኞች እንጀራ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። ደብዳቤ መጻፍ አትችልም። መልእክቷ በሹፌር ነው የሚመጣው። አንድ ሹፌር መኪናውን አቁሞ ወደ በሩ ይመጣና "እትዬ፣ ከእህትዎ ነው" ብሎ በፌስታል የታሰረ ነገር ይሰጣል። ቴምር ወይም ሻሽ ነው። እናቴ ተቀብላ ታመሰግናለች፣ ውኃ ትሰጠዋለች፣ እንዴት ናት ብላ ትጠይቃለች። ሹፌሩ "ደህና ናት" ይላል። ሁሌም ደህና ናት ነው። ከሄደ በኋላ ፌስታሉን ሳትፈታ ጭኗ ላይ ይዛ ትቆያለች።

ታዲያ ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ በግንቦት ነፃነቷ ታወጀ። አክስቴ ከቤቷ ንቅንቅ ሳትል ውጭ አገር ሆነች። እኔ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነኝ፣ እንዲህ ያለው ነገር በጣም ነበር የሚያስደንቀኝ። ትምህርት ቤት "ውጭ አገር አክስት አለችኝ" ብዬ አወራሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ያኔ የእሷ ዝምታ አልገባኝም። እኔ መንገዱን የማየው ሊወስደኝ ይችላል ብዬ ነው። እሷ የምታየው የወሰደባትን ልትጠብቅ ነው። አንድ መስኮት ላይ ሁለት ሰው።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሳ። የአሰብ መንገድ ተዘጋ። የአገሩ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጅቡቲ የሚመላለሰው መኪና አብዛኛው ከሚሌ ቀጥታ ወደ አዋሽ ነው የሚታጠፈው፣ ኮምቦልቻን አይነካም። ለውጡን ከማንም በፊት ያወቅኩት ከግድግዳችን ነው ብል ማጋነን አይደለም። ቀድሞ መኪና በመኪና ላይ የሚያልፍበት ግድግዳ ባዶ ሆነ። አህያ፣ ሰው፣ ጋሪ። ከዚያ ረጅም ሰዓት ምንም። በመንገዱ ዳር ያሉ ምግብ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። የማታው የጎማ ድምፅ ቀረ። እናቴ በየቀኑ ከሰዓት በሯን ዘግታ ትቀመጣለች፣ አሁን ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ዓይኗ ቡልጋሪያ ላይ ነው። ቀዳዳዋን ለምን እንዳላስደፈነች ያወቅኩት ያን ሰሞን ነው።

አክስቴ በ1991 ዓ.ም. መጣች። አንድ ሻንጣና አንድ የምጣድ አክንባሎ ይዛ። እንዴት እንደመጣች ብዙ አላወራችም፣ እኛም አልጎተጎትናትም። እናቴ በሩ ላይ አቅፋት ለቅሶዋን ስትለቀው ጎረቤቱ ሁሉ መርዶ መስሎት ተሰበሰበ።

እኔ እስክትረጋጋ ታግሼ፣ በሦስተኛው ቀን ቡና እየተፈላ ጠየቅኳት።

"አክስቴ፣ ባሕሩ ምን ይመስላል?"

አሰበች። በእውነት ነው ያሰበችው፣ ልጅ ብላ አልናቀችኝም።

"ልጄ፣ አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ባሕሩ ድረስ የወረድኩት ሁለት ጊዜ ነው። ሌሊት እጋግራለሁ፣ ጠዋት እሸጣለሁ፣ ከሰዓት ሙቀት ነው። ግን መርከቡን ከጣራው በላይ አየው ነበር። ስንዴ የጫነ ከሆነ ወዛደር ይበዛል፣ ሁለት መቶ እንጀራ እጋግራለሁ። ነዳጅ የጫነ ከሆነ ሰው አይፈልግም፣ መቶውም ይተርፈኛል።"

"እና ቀለሙስ?"

"ቀለሙማ…" አለችና የቡናውን ስኒ ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አየችው። "ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ጠዋት እንደ ተልባ ነው። ማታ አላውቅም፣ ማታ ተኝቻለሁ።"

እንደ ተልባ የሚለውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ውኃ ውስጥ የገባ ተልባ ነው ያለችው፣ ወይስ የተልባ አበባ? የተልባ አበባ ሰማያዊ ነው። አልጠየቅኳትም። አሁን ልጠይቃት አልችልም፣ አርፋለች።

ከማረፏ በፊት ግን አንድ ነገር አይታለች። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫው ዕለት፣ በቡሬ በኩል ያለው የአሰብ መንገድ ተከፈተ። ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስበናል። በአማርኛ "በቴሌቪዥን መስኮት" እንላለን፣ ያን ቀን አባባሉ ልክ ሆኖ ተሰማኝ። መሪዎች ይጨባበጣሉ፣ ወታደሮች ይተቃቀፋሉ፣ ሰው ያለቅሳል። አክስቴ አንገቷን ወዲህ ወዲያ ታደርጋለች፣ በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግራ ልታይ። "ምናለ ትንሽ ዘወር ቢሉልን፣ ከኋላ ያለውን እንድናየው" አለች። ከኋላቸው የሚታየው ገላጣ ሜዳ ነው። እሷ ግን የፈለገችው መንገዱን ነው። ያም መንገድ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ተዘጋ።

እኔ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። እስከ ዛሬ ባሕር አላየሁም። ስለ ቀይ ባሕር ግን በዓመት ሁለት ሳምንት አስተምራለሁ። ስለ አፋር ዝቅተኛ ቦታም እንዲሁ፣ ዳሎል አካባቢ ምድሩ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ እንደሚወርድ፣ ያ ሁሉ ጨው ድሮ ገብቶ የደረቀ ባሕር እንደተወው። መስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ የሚባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ መሬቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰነጠቀ። ተመራማሪዎች አንድ ቀን ባሕሩ መልሶ እዚያ ይገባል ይላሉ። ይህን ስናገር ሁሌ ከኋላ አንድ እጅ ይነሳል። "ቲቸር፣ መቼ?" በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ነው ስላቸው ይስቃሉ። አንድ ሁለቱ ግን አይስቁም። እነሱን አውቃቸዋለሁ። መስኮት ዳር ያሉት ናቸው።

በእኔ ክፍለ ጊዜ በመስኮት የሚያይ ልጅ አይቀጣም። ባልደረቦቼ በዚህ ይወቅሱኛል። ልጁ ትምህርት አይከታተልም፣ ፈዟል ይላሉ። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ፈተና ላይ ይጎዳዋል። ግን እኔ ጂኦግራፊን የተማርኩት በዚያ መንገድ ነው። መጽሐፉ ስሞቹን ነገረኝ። ስሞቹ ያሉበት ቦታ እውነት መሆኑን የነገረኝ በአቧራ የተለወሰ መኪና ነው። ልጅ ውጭ ውጭ ሲያይ የቤቱን እንጀራ ንቆ አይደለም። በአመት አንድ ቀን ክፍሉን በጥቁር ላስቲክ አጨልሜ በአንዲት ቀዳዳ ግቢውን ግድግዳ ላይ አሳያቸዋለሁ። የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ተገልብጦ ሲታይ የሚጮኹት ጩኸት እኔ በዚያን ጊዜ የጮህኩት ነው። የፊዚክስ ትምህርት ነው ብለው አስተዳደሮቹ ጠይቀውኝ ያውቃሉ። ይሁን።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ዕጣው ሲወጣልኝ ሰው ሁሉ "ራቀብሽ" አለኝ። እውነት ነው፣ ጠዋት የታክሲ ሰልፉ ልብ ያወልቃል። ነገር ግን ከሳሎኔ መስኮት የአዳማው ፈጣን መንገድ መጀመሪያ ይታያል። በ2007 የተከፈተው ነው። ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ክፍያ ጣቢያው ላይ ይሰለፋሉ፣ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። ማታ ማታ መብራታቸውን እቆጥራለሁ። አሁን ከሃያ በላይ እደርሳለሁ።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ለሕክምና እኔ ዘንድ መጥታ አንድ ወር ከረመች። ፎቁን ፈርታ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ አልቀርብም አለች። በሁለተኛው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንበሯን ስባ መስታወቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ክርኗን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስደግፋ ጉንጯን በመዳፏ ይዛለች። በሩን ስከፍት አልሰማችኝም። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። "እጅሽን ከጉንጭሽ አንሺ" ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ክፍያ ጣቢያው ላይ አንድ ተሳቢ ቆሟል።

"ይሄ መንገድ የት ነው የሚሄደው?" አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

"ደብረ ዘይት።"

"ከዚያስ?"

"አዳማ።"

"ከዚያስ?"

"አዋሽ።"

"ከዚያስ?"

"ሚሌ" አልኳት።

ምንም አላለችም። የነጠላዋን ጫፍ ያዘችና መስታወቱን ወለወለችው።